ለጣሪያ የተሰጠ መባ ለኪራይ መዋል ይችላል?

ካዛንቺስ የነበረች አነስተኛ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ ነኝ። በ2016 ዓ.ም. የአዳራሻችንን ጣሪያ ለመቀየር ልዩ መባ ሰብስበን 640,000 ብር በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀመጥን። ሥራው ሳይጀመር ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ፈረሰ። አዳራሹም ጣሪያውም የሉም፤ ገንዘቡ ብቻ ቀርቷል። አሁን የምናመልከው ስታዲየም አካባቢ በተከራየነው አዳራሽ ነው። አብዛኛው ምእመን ወደ ከተማው ዳር ስለተዛወረ አሥራቱ ኪራዩን አይሸፍንም።

ሽማግሌዎቹ «ሁሉም የእግዚአብሔር ቤት ገንዘብ ነው፤ ለኪራይ ይከፈል» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ኪራዩ ጨንቋቸው ነው። እኔን ግን 2ኛ ነገሥት 12 እንቅልፍ ነሥቶኛል፦ በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ለቤተ መቅደሱ ጥገና በሣጥን ከተሰበሰበው ብር የመቅደሱ ዕቃ እንኳ አልተሠራበትም፤ ለጥገናው ሥራ ብቻ ዋለ።

በባንክና በቴሌብር የላኩት ስማቸው ስላለ እየደወልኩ ጠየቅኋቸው። አብዛኞቹ ተስማሙ፤ አንዲት እናት ግን «ለጣሪያ ብያለሁ፣ ለጣሪያ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት። እውነት አላቸው። የከበደኝ ግን ግማሽ ያህሉ ስም በሌለው ፖስታ የገባ ጥሬ ገንዘብ መሆኑ ነው። እሑድ ማስታወቂያ ብናስነግርም የሰሙት መምጣት የቻሉት ብቻ ናቸው። ኦዲተሩ ደግሞ የጽሑፍ ውሳኔ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፦ ሰጪው የማይታወቅ፣ ለአንድ ዓላማ የተሰጠ መባ ዓላማው ሲቀር ወደ ሌላ ሥራ እንዲዛወር የሚወስነው ማን ነው፤ የሽማግሌዎች ጉባኤ ወይስ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ?