የኋላ ጎማዬ ሦስቴ ተነፈሰብኝ፣ እርዱኝ

ሳይክል የምትነዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ በወንዙ ዳር መንገድ ለአንድ ቀን ጉዞ ወጣሁ። ከውሃው ጋር ቁልቁል ስለሆነ ቀላል ነው ብዬ ነበር (ነፋሱን ማን አስቦት!)። 35 ኪሎ ሜትር ላይ የኋላ ጎማው ፉስስ አለ። ለጠፍኩት። ትንሽ ሄጄ ደገመኝ። አዲስ ከመነዳሪ ቀየርኩ፣ እሱም ግማሽ ሰዓት አልቆየም።

እሾህ ነው ብዬ ጎማውን ከውስጥ በጣቴ ዳሰስኩት፣ ምንም የለም። ከዚያ ከመነዳሪውን ነፍቼ ወንዙ ውስጥ ስነክረው አረፋው የሚወጣው መሬት ከሚነካው ሳይሆን ከቸርኬው በኩል ነው፣ ሦስቱም ቀዳዳ እዚያው አካባቢ። ሳየው የሽቦዎቹን ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ላስቲክ ወደ ጎን ሸሸት ብሏል፣ አንዱ ቀዳዳ ደግሞ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው። እሱ ነው አይደል?

አሁን የቀረኝ አንድ መለጠፊያ ብቻ ነው። ላስቲኩን አስተካክዬ ናስትሮ ሁለት ዙር ብጠቀልልበት ይይዛል ወይስ ሲሞቅ ይንሸራተታል? ሌላው፣ ነፋሱን ወትሮ 60 ፒኤስአይ ነው የምሞላው፣ ላሳንሰው? ገና 40 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል፣ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። «ግፋው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ እሱን እኔም አውቃለሁ።