ግሬይኑ ደቀቀ፣ ሃርድነሱ ግን ወረደ፦ የ6061-ቲ6 ፍሪክሽን ስተር ብየዳ ውጤቴ ምን ነካው?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያ ሥራዬ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው የ6061-ቲ6 አሉሚኒየም (ቲ6 ማለት በሙቀት ሕክምና የጠነከረ) ፕሌቶችን በፍሪክሽን ስተር እየበየድኩ ነው። ዘዴውን ለማታውቁት፦ የሚሽከረከር ቱል ሁለቱ ፕሌቶች በሚገናኙበት መስመር ላይ ይጠልቃል፣ ብረቱን በሰበቃ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ እያማሰለ ወደፊት ይሄዳል። ብረቱ አይቀልጥም።

የምሠራው በተራ ቨርቲካል ሚሊንግ ማሽን ነው። ቱሉ ኤች13 ብረት ነው። ትከሻው 18 ሚሊሜትር፣ ከትከሻው ወጥቶ ብረቱ ውስጥ የሚጠልቀው ፒን ባለ ጥርስ ሆኖ 6 ሚሊሜትር ውፍረትና 5.7 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። ፍጥነቱ በደቂቃ 1000 ዙር፣ ጉዞው በደቂቃ 60 ሚሊሜትር፣ ቱሉ 2 ዲግሪ ያዘነበለ ነው።

የተማሰለውን መሃል በማይክሮስኮፕ ሳየው ግሬይኑ (ብረቱ የተገነባበት የክሪስታል ቅንጣት) ከ5 እስከ 8 ማይክሮን ነው። የዋናው ፕሌት ግሬይን ግን ትልልቅና የተለጠጠ ነው። ሆል-ፔች የሚባለው ሕግ ደግሞ ግሬይን ሲደቅ ብረት ይጠነክራል ይለናል። እኔ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሃርድነሱን (ጥጥረቱን) በቪከርስ ስለካ ዋናው ፕሌት 107፣ መሃሉ 78፣ ከመሃል 9 ሚሊሜትር አካባቢ ግራና ቀኝ ደግሞ 62 ወጣ።

ቴንሳይል (ስቦ የመስበር ፈተና) ላይ ሦስት ናሙና ሰበርኩ። ሁለቱ በ207 እና በ203 ሜጋፓስካል ከተማሰለው ክፍል ውጪ በሰያፍ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው በ148 እዛው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰበረ። አማካሪዬ የሃርድነስ ማሽኑን ካሊብሬት እንዳደርግ ነግረውኛል። በእርግጥ የማሽኑ ጣጣ ነው? ሦስተኛውስ ምን ሆኖ ነው?

ማይክሮን፦

ማሽኑ ጤነኛ ነው። ዋናው ፕሌት ላይ 107 ካነበበልሽ ለቲ6 የሚጠበቀው እሱ ነው። ያገኘሽው ደግሞ ለዚህ ቅይጥ የታወቀው ግራፍ ነው። ነጥቦቹን ብታገናኚያቸው የደብሊው ቅርጽ ይወጣል፦ ዳርና ዳር ከፍታ፣ ሁለት ጉድጓድ፣ መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ።

ሆል-ፔች አልዋሸሽም፤ ግን እዚህ ቤት አለቃው እሱ አይደለም። 6061-ቲ6 ጥንካሬውን በዋናነት የሚያገኘው ከግሬይኑ መጠን ሳይሆን በውስጡ ከተበተኑት የማግኒዥየምና የሲልከን ፕሪሲፒቴቶች ነው። ቤታ ደብል ፕራይም የሚባሉት ናቸው። በናኖሜትር የሚለኩ መርፌ መሳይ ነገሮች ናቸው። ብረቱ ሲሳብ ዲስሎኬሽኖች (በክሪስታሉ አደራደር ውስጥ ያሉ ጉድለቶች) መንሸራተት ይፈልጋሉ፤ እነዚህ መርፌዎች መንገድ ይዘጉባቸዋል።

ብየዳው ሲያልፍ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ነገር ይሆናል። መሃሉ ከ450 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ መርፌዎቹ ሟሙተው አሉሚኒየሙ ውስጥ ይጠፋሉ። ሙቀት ብቻ የነካው ክፍል፣ ያንቺ 9 ሚሊሜትር፣ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። እዚያ መርፌዎቹ ሙሉ በሙሉ አይሟሙም፤ ትንንሾቹ እየጠፉ ትልልቆቹ ያብጣሉ። ጥቅጥቅ ብሎ የተበተነ ጠጠር መኪናን እንደሚያንቀረፍፍ፣ እዚህም እዚያም የተቀመጡ ጥቂት ቋጥኞች ግን በመሃላቸው እንደሚያሳልፉ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ እዚያ ወጣ።

መሃሉ ለምን ከ62 ተሻለ? የሟሟው ማግኒዥየምና ሲልከን አሁንም ብረቱ ውስጥ አለ። ከብየዳው በኋላ ክፍል ሙቀት ላይ ተቀምጦ ቀስ በቀስ ተመልሶ ይሰበሰባል። የደቀቀው ግሬይንም ትንሽ ይጨምርለታል። ሆል-ፔችሽ ያለችው እዚህች ትርፍ ውስጥ ነች።

አንድ ቀላል ማረጋገጫ ልስጥሽ። ለአሉሚኒየም የቪከርስን ቁጥር በ3 ብታባዢው የቴንሳይል ጥንካሬውን በሜጋፓስካል በግምት ይሰጥሻል። 62 ሲባዛ በ3፣ 186። አንቺ 203 እና 207 አገኘሽ። ሁለቱ ናሙናዎች በጣም ለስላሳው ቦታ ላይ ነው የተሰበሩት ማለት ነው። ስብራቱ ወደ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ከሆነ ደግሞ አልቋል፣ ለስላሳው ብረት ተንሸራቶ ነው የሄደው።

ቀይ ብረት፦

እኔ ግን ዙሩን 1600 አድርጊው እላለሁ። ይበልጥ ሲማሰል ይበልጥ ይዋሃዳል፣ ግሬይኑም ይደቅቃል።

ማይክሮን፦

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና አልስማማም። ዙር ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል። ሙቀት ሲጨምር በመሃሉ ያለው ግሬይን እንዲያውም ያድጋል፣ ሙቀት የነካው ክፍልም ይሰፋል። የሷ ቅንብር አሁንም ሞቃት የሚባል ነው፦ 1000 ዙር ለ60 ሚሊሜትር ማለት በአንድ ዙር 0.06 ሚሊሜትር ብቻ ነው የምትጓዘው። እኔ ብሆን ዙሩን ሳልነካ ጉዞውን ወደ 120፣ ከዚያ ወደ 150 ከፍ አደርጋለሁ። ብረቱ በሙቀቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ሲያጥር ፕሪሲፒቴቱ ለማበጥ ጊዜ አያገኝም። ጉድጓዱ ይጠብባል፣ 62ቱም ከፍ ይላል።

ቀይ ብረት፦

እሺ፣ ግን ጉዞ ሲፈጥን ብየዳው ውስጥ ዋሻ ይወጣል። እኔ ጋ ሆኗል።

ማይክሮን፦

ልክ ነህ። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይጠጥርና ፒኑ ጥሎት የሄደውን ቦታ ዞሮ አይሞላውም። ዋሻው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው አድቫንሲንግ በሚባለው ጎን ነው፤ የቱሉ አዟዟርና የጉዞው አቅጣጫ አንድ በሚሆኑበት በኩል ማለት ነው። ለዚህ ነው ደረጃ በደረጃ የምላት። በየደረጃው አንድ ቁራጭ ቆርጣ ትይ።

የድሮ በያጅ፦

ልጄ፣ እኔ የምጨነቀው ስለ 148ቷ ነው። የቀሩት ሁለቱ ጥሩ ናቸው። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር የአሉሚኒየም ኮድ በአርክ ለተበየደ 6061-ቲ6 ቢያንስ 165 ሜጋፓስካል ነው የሚጠይቀው። ሁለቱ አልፈዋል፣ ሦስተኛዋ ወድቃለች። የሦስተኛዋ ነገር የፕሪሲፒቴት ሳይሆን የሥራ ጉዳይ ነው።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ናሙናዋ ከብየዳው የትኛው ጫፍ ነው የተቆረጠችው? ፕሌቶቹን ከመበየድሽ በፊት በምን አጸዳሻቸው? ስብራቱን ገልብጠሽ ታችኛውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር ስታዪው ምን ይታያል?

ጀማሪዋ፦

ጋሼ አመሰግናለሁ። ናሙናዋ ከመነሻው ነች፤ ፒኑ ከጠለቀበት ቦታ ትንሽ አለፍ ብላ። ፕሌቶቹን በአሴቶን ወልውያለሁ፣ ሌላ አላደረግኩም።

ስብራቱን አሁን አየሁት። ላይኛው ክፍል ግራጫና ሸካራ ነው። ከታች በኩል ግን ወደ አንድ ሚሊሜትር የምትሆን ለስላሳ፣ የምታብረቀርቅ ጥብጣብ አለች። ደግሞ ጥብጣቧ ላይ እኩል የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ይሄ ምንድን ነው?

የድሮ በያጅ፦

እነዚያ ጭረቶች ፕሌቱን ለመግጠም ጠርዙን ሚሊንግ ስታደርጊ የተውሽው የመቁረጫው አሻራ ናቸው። ብረቱ ተማስሎ ቢሆን ኖሮ ድራሻቸው ይጠፋ ነበር። አሁንም ካሉ ያ አንድ ሚሊሜትር ጨርሶ አልተበየደም ማለት ነው። ሁለቱ ጠርዞች ተነካክተው ነው የቀሩት። ከላይ ስታዪው ብየዳው ያምራል፣ ከታች ስንጥቅ ይዟል። ሲሳብ ከዚያ ይጀምራል።

መነሻው ላይ የሆነበት ምክንያት አለው። ቱሉ ሲጠልቅ ፕሌቱ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ብረት ቱሉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የሚሊንግ ማሽን ስፒንድል ደግሞ ትንሽ ይሸሻል። ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ማሽኖች የሚጫኑበትን ኃይል እየለኩ ያስተካክላሉ፤ ሚሊንግ ያንን አያውቅም፣ የሰጠሽውን ቁመት ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ፒኑ የሚፈለገው ጥልቀት አልደረሰም።

እንዲህ አድርጊ። ፒኑን ካጠለቅሽ በኋላ ወዲያው አትሂጂ። እየዞረ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ይቁም፣ በትከሻው ዙሪያ ያለው ብረት ይለስልስ። ትከሻው ከፕሌቱ ወለል 0.1 ወይም 0.2 ሚሊሜትር ገባ ማለት አለበት። ከፒኑ ጫፍ እስከ ታችኛው ወለል ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ አይቅር። ከስር ያለው መደገፊያ ብረት ወፍራምና የተስተካከለ ይሁን። ፕሌቶቹን በሞርሳ ብቻ አትያዣቸው፤ ከላይም ከጎንም በብሎን ይጠፈሩ፣ ቱሉ ሲገባ ሊከፋፍታቸው ይሞክራል።

አሴቶን ቅባት ያነሳል እንጂ ኦክሳይድ አያነሳም። ከመበየድሽ ጥቂት ቀደም ብለሽ ጠርዙን በአይዝጌ ሽቦ ብሩሽ ፈትጊው፤ ስቲል የተፈተገበት ብሩሽ አይሁን። ያለዚያ ኦክሳይዱ ተማስሎ እንደተኛ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘ መስመር ሆኖ መሃሉ ላይ ይቀራል። የመነሻውንና የመጨረሻውን ሦስት፣ አራት ሴንቲሜትር ደግሞ ለናሙና አትጠቀሚበት፣ ቆርጠሽ ጣይው።

ማይክሮን፦

ጋሼ የጎደለኝን ሞሉልኝ። እኔ እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመያዝ የምወደው የማጠፍ ፈተና ነው። ቁራጩን የስር በኩሉ ወደሚወጠርበት አድርገሽ እጠፊው። ቴንሳይል ደብቆ የሚያሳልፈውን ያልተበየደ ስር ማጠፍ ወዲያው ያፈነዳዋል።

ለማክሮ (የብየዳውን ቁራጭ በአሲድ አውጥቶ በዓይን ለማየት) ደግሞ የግድ ኬለር የሚባለው ፈሳሽ አያስፈልግሽም። ኬለር ውስጥ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለ፤ ትንሽ ቢነካሽ እንኳ ቆዳ አልፎ የሚገባ ክፉ ነገር ነው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገብሽ ሳይኖር እንዳትነኪው። ቁራጩን በብርጭቆ ወረቀት እስከ 1200 ቁጥር ካለሰለስሽ በኋላ 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ወደ 60 ዲግሪ አሙቀሽ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ንከሪው። ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። በውኃ አጥበሽ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ስታስገቢው ጥቁሩ ይለቃል፣ የተማሰለው ክፍል ከነሽንኩርት መሳይ ቀለበቶቹ ይወጣልሻል። መነጽርና ጓንት አድርጊ፣ ጋዝ ስለሚወጣ አየር ያለው ቦታ ይሁን።

ባለ ምድጃ፦

ሃርድነሱን ከብየዳ በኋላ በኤጂንግ (በመጠነኛ ሙቀት ለሰዓታት በማቆየት) መመለስ ይቻላል የሚል ሰው ይመጣልና ቀድሜ ልናገር። በ175 ዲግሪ ለ8 ሰዓት ብታስቀምጪው መሃሉ ደህና አድርጎ ይነሳል፣ የሟሟው ነገር በመርፌ መልክ ስለሚመለስ። 62 የነበረው ቦታ ግን እምብዛም አይነቃነቅም። እዚያ ያሉት ፕሪሲፒቴቶች አንዴ አብጠዋል፣ በ175 ዲግሪ አይሟሙም። ናሙናሽ አሁንም እዚያው ይሰበራል።

በ530 ዲግሪ አካባቢ ሙሉውን አሟሙቶ፣ ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ እንደገና ኤጅ ማድረግ ሁሉንም ያስተካክላል፤ በወረቀት ላይ። በተግባር ፕሌቱ ይጣመማል። የደቀቀው ግሬይንም በዚያ ሙቀት አብዶ ሊያድግና በዓይን እስከሚታይ ድረስ ሊተልቅ ይችላል። ምርጫ ካለሽ ፕሌቱን በቲ4 (ገና በምድጃ ኤጅ ሳይደረግ) ግዢው፣ በይጂው፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ኤጅ አድርጊው። በቲ4 ያበጠ ነገር ስለሌለ የምትከፍይው ኪሳራ ያንሳል።

ነጥብ ቆጣሪ፦

ስለ ልኬቱ ሁለት ነገር ብቻ። በ100 ግራም ጭነት 62 ቪከርስ ላይ የሚወጣው አሻራ ዲያጎናሉ 0.055 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የቪከርስ ልኬት መመሪያ የሆነው አይኤስኦ 6507 እንደ አሉሚኒየም ላሉ ቀላል ብረቶች ከአንድ አሻራ መሃል እስከ ቀጣዩ ቢያንስ የዲያጎናሉን 6 እጥፍ ይጠይቃል፤ 0.33 ሚሊሜትር ማለት ነው። በየ0.5 ሚሊሜትሩ ብትለኪ ምቹ ነው። በየ2 ሚሊሜትሩ ለክተሽ ከሆነ ግን ትክክለኛውን ዝቅታ ዘለሽው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ መሃሉ ከብየዳው በኋላ በራሱ እየጠነከረ ስለሚሄድ አንዱን ናሙና በነጋታው፣ ሌላውን ከወር በኋላ ለክተሽ አታወዳድሪ። ሁሉንም ከብየዳ በኋላ በእኩል ጊዜ ለኪ፣ ጊዜውንም ጻፊው።

አዎ፣ የመለጠጥ ቁጥርሽም ትንሽ ሆኖ ቢያስደነግጥሽ፣ የተለጠጠው ሁለቱ ለስላሳ ጉድጓዶች ብቻ ናቸው። በ50 ሚሊሜትር የመለኪያ ርዝመት ሲካፈል ያንሳል።

ጀማሪዋ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከመነሻው የተረፈውን ቁራጭ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አየሁት። ጋሼ እንዳሉት ከስር ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር አለ። ከመሃል በተቆረጠው ቁራጭ ላይ ግን የለም። የሃርድነሱንም ነጥብ በየ1.5 ሚሊሜትር ነበር የለካሁት፣ አሁን በየ0.5 እደግመዋለሁ። ጉዞውን ወደ 120 አድርጌ አዲስ ፕሌት አሥሬያለሁ፣ ነገ ይበየዳል።

የመጨረሻ ጥያቄ። አማካሪዬ ለማወዳደሪያ 5083-ኦ ጨምሪ ብለውኛል። እዚያም ደብሊው ይወጣል?

ማይክሮን፦

አይወጣም። 5083 በሙቀት ሕክምና የሚጠነክር ቅይጥ አይደለም፤ ኦ ማለት ደግሞ አስቀድሞ የለሰለሰ ነው። ጥንካሬው ከሟሟው ማግኒዥየምና ከግሬይኑ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ሙቀቱ የሚያበላሽበት ነገር የለም። ግራፉ ጠፍጣፋ መስመር ይሆናል፣ መሃሉ ላይ እንዲያውም ከፍ ሊል ይችላል። ሆል-ፔችን ማሳየት ከፈለግሽ ቦታው እዚያ ነው። ሁለቱን ግራፎች አንድ ገጽ ላይ አድርገሽ ለአማካሪሽ አሳዪያቸው፣ የካሊብሬሽኑን ነገር ራሳቸው ይተውታል።

የድሮ በያጅ፦

5083 ከ6061 ይልቅ ቱሉን ይታገለዋል። በዚያው 120 ጉዞ አትጀምሪው፣ ዝቅ አድርጊና ተነሺ። ፒኑንም ከእያንዳንዱ ብየዳ በኋላ በካሊፐር ለኪው።