ሁለቱ ጥንቸሎቼ ሊገዳደሉ ነው፤ ምን ላድርግ?

የልጆች እናት (ሰሚት)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን አንድ ዓመት ተኩል የሆናት ሴት ጥንቸል አለች። ልጆቼ «ብቻዋን ደበራት» ብለው ሲነዘንዙኝ ቅዳሜ ለት ሁለተኛ ገዛሁ። አራት ወር ገደማ ይሆናታል። ሻጩ «እሷም ሴት ናት፣ ይስማማሉ» አለኝ። ቤት እንደገባን ቀጥታ የትልቋ ጎጆ ውስጥ ከተትኳት። ትንሽ ተሸታተቱ። ከዚያ ትንሿ ትልቋ ላይ መውጣት ጀመረች። ትልቋ ዞራ ነከሰቻት፤ ጎጆው ጸጉር በጸጉር ሆነ። ልገላግል እጄን ስሰድ እኔንም ነከሱኝ። አሁን አንዷ ሳሎን፣ አንዷ በረንዳ ናቸው። ጎረቤቴ «የማይበላ ነገር ሁለት አድርገሽ ምን ሊረባሽ?» እያለች ትስቅብኛለች። ልመልሳት ወይስ ይለምዳሉ?

ባለ ሁለት ጥንቸል (ሜሪላንድ)፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ይህንኑ አጥፍቻለሁ። ለጥንቸል ጎጆዋ ግዛቷ ነው። ሌላ ጥንቸል ድንገት ሲገባባት ሌባ የገባባት ያህል ነው። ለጊዜው እንደተለያዩ ይቆዩ። ሲጣሉ ደግሞ እጅሽን እንዳትሰጂ! ወፍራም ፎጣ ጣል አድርጊባቸው፤ ወይም መጥረጊያ መሃላቸው አስገቢ።

የእንስሳት ሐኪም፦ ከሁሉ በፊት የትንሿ ጾታ ይታይ። በዚህ ዕድሜ ሻጮች ይሳሳታሉ። መውጣቷ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሴትም የበላይነቷን ለማሳየት ትወጣለች። ወንድ ከሆነ ግን በአራት ወሩ ማስረገዝ ሊችል ይችላል። ሁለቱንም ጸጉራቸውን ገለጥ እያደረጉ ይመልከቱ። የጥንቸል ንክሻ ከላይ የዳነ መስሎ ከውስጥ መግል ይቋጥራል። አንዷ ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ ካልነካች ወይም ፋንድያዋ ከጠፋ ለነገ አይበሉ፤ የጥንቸል አንጀት ሲቆም ቶሎ ይገድላል።

የልጆች እናት፦ ጉድ ፈላ! ዛሬ ሐኪም ጋ ወሰድኳት፤ «እሷ» ወንድ ሆኖ ተገኘ። ቁስል የለባቸውም፣ ይበላሉ። ትልቋ አርግዛ ይሆን እንዴ?

የእንስሳት ሐኪም፦ አንዴም ይበቃል። እርግዝናው 30 ቀን ገደማ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ድርቆሽ በአፏ ይዛ ከዞረች፣ የሆዷንም ጸጉር ከነጨች ጎጆ እየሠራች ነው። ሳያረግዙም ይህን የሚያደርጉ አሉ፤ ለማንኛውም ሳጥን በድርቆሽ ሞልተው ይስጧት። ወንዱን ያስኮላሹት። ከተኮላሸ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊያስረግዝ ስለሚችል አይቸኩሉ። ከቀዶ ጥገናው በፊት እንደ ውሻ አያስርቡት፤ ጥንቸል አታስመልስም፣ ባዶ ሆድ ነው የሚጎዳት። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ጥንቸል ላይ ልምድ ያለው ሐኪም እንዲጠቁሙዎ ይጠይቁ።

ጥንቸል አርቢ (ደብረ ዘይት)፦ እኔ የማውቀው እርባታ ነው። ስናስጠቃ ሴቷን ወደ ወንዱ እንወስዳለን እንጂ ወንዱን ወደ ሴቷ አንወስድም፤ በራሷ ቤት ትነክሰዋለች። ያንቺም የሆነው ይኸው ነው።

ባለ ሁለት ጥንቸል (ሜሪላንድ)፦ እስከዚያው ጎጆዎቹን ጎን ለጎን አድርጊ፤ በሽቦው እንዳይነካከሱ የአንድ ስንዝር ክፍተት ተዪ። የሚተኙበትን ጨርቅ በየሁለት ቀኑ አቀያይሪ፤ ጠረናቸውን ይላመዱ። ምግባቸውንም ትይዩ አድርገሽ በአንድ ሰዓት ስጪ። ስድስቱ ሳምንት ሲያልፍ ትልቋ ረግጣው በማታውቀው ቦታ አገናኛቸው። የእኔ መታጠቢያ ቤት ነበር፤ እንዳይንሸራተቱ ምንጣፍ አንጥፌ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ፣ ጎመን በመሃል። ትንሽ መባረር ምንም አይደለም። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ፣ ጭራ ቆሞ መሽከርከር ከጀመሩ ግን ወዲያው ለያያቸው። ፊቷ ላይ ከወጣም አውርጂው፤ ብልቱን ልትነክሰው ትችላለች። የእኔዎቹ ሁለት ወር ፈጅተውብኛል፤ ለብዙ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ነው ያደርኩት።

የልጆች እናት (ከሰባት ሳምንት በኋላ)፦ አላረገዘችም፣ ተመስገን። ወንዱ ተኮላሽቷል። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ መታጠቢያ ቤት አገናኘኋቸው። ጎመኑን በሁለት ጫፍ ይዘው በሉ። ከዚያ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ፊቱ ቀረበች፣ እሱ ዝም አላት፤ በአፍንጫዋ ጎሸም አድርጋው ሄደች። ተጣሉ ማለት ነው?

ባለ ሁለት ጥንቸል (ሜሪላንድ)፦ ኧረ አልተጣሉም! ጭንቅላቷን ዝቅ ያደረገችው «ላሰኝ» ብላው ነው። ሰውዬው ገና አልገባውም፤ ነገም አገናኛቸው።