15 − 6 + 2 ስንት ነው? ልጁ 7 ነው ብሎ ይሟገተኛል

ጥያቄ፦ አስጠኚ፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች አስጠናለሁ። አንዱ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን 15 − 6 + 2 ስሰጠው 7 ይለኛል። 6 እና 2ን ቀድሞ ይደምርና 8ን ከ15 ላይ ይቀንሳል። መልሱ 11 ነው ስለው «በቦድማስ መደመር ከመቀነስ ይቀድማል፣ ክፍል ውስጥ ተምረናል» ይላል። ቦድማስ የስሌት ቅደም ተከተልን ለማስታወስ ከእንግሊዝኛ ስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደሎች የተሠራ ቃል ነው። የሚገርመው፣ 8 + 5 − 3 ላይ አይሳሳትም። ሕጉን ስነግረው እሺ ይላል፣ በማግስቱ ያው ነው። እንዴት ላስረዳው? መምህሩንም ልጁ ፊት ማሳጣት አልፈልግም።

መልስ፦ አባት፣ ሰሚት

እኔም ቦድማስን ሸምድጄ ነው ያደግኩት። መደመር በፊደሎቹ ተራ ከመቀነስ በፊት ነው ያለው። ልጁ ትክክል አይደለም እንዴ?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር፣ ለገጣፎ

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን መደመርና መቀነስ ደረጃቸው እኩል ነው። ሁለቱ ብቻ ሲመጡ ከግራ ጀምሮ በተራ ይሠራል። ፊደሎቹ ለማስታወሻ ናቸው እንጂ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ደረጃ የለውም። በቦድማስ ማካፈል ከማባዛት በፊት ተጽፏል፤ አሜሪካኖቹ በሚጠቀሙበት ፔምዳስ ደግሞ ማባዛት ነው የቀደመው። ሒሳቡ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ እነዚያም ሁለቱ እኩል ናቸውና።

እህቴ፣ ልጁ 8 + 5 − 3 ላይ የማይሳሳተው መደመሩ ከፊት ስለመጣ ነው። ስህተቱ የሚወጣው መቀነስ ሲቀድም ብቻ ነው። ስለዚህ ስትፈትኚው መቀነሱን አስቀድሚ። 20 − 8 − 5ንም ስጪው። 17 ካለሽ 8 − 5ን ቀድሞ ሠርቷል ማለት ነው፤ ትክክለኛው 7 ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ምልክቱ ከኋላው ላለው ቁጥር ብቻ ነው። 15 − 6 + 2 ላይ የሚቀነሰው 6 ነው። 2 የራሱን የመደመር ምልክት ይዞ መጥቷል። 6 + 2ን ቀድሞ የደመረ ልጅ መጨመር የነበረበትን 2 ቀነሰው። 7 እንዲመጣ ከተፈለገ ቅንፍ ያስፈልጋል፦ 15 − (6 + 2)። ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳዪው።

የመምህሩን ነገር በተመለከተ መጀመሪያ ደብተሩን እዪ። ብዙ ጊዜ ሕጉ በትክክል ተጽፎ ልጁ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። ደብተሩም ላይ ከተሳሳተ መምህሩን ለብቻ አነጋግሪ።

መልስ፦ እናት፣ ገላን

የኔ ልጅ የገባት በታክሲ ነው። ከቱሉ ዲምቱ 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ተነሳ። ቃሊቲ 5 ወረዱ፣ 3 ገቡ። ስንት ሰው አለ? 10 አለችኝ፣ ሳታስብ። ከዚያ 12 − 5 + 3 ብዬ ጻፍኩላት። እሷ ደብተር ላይ ስትሠራው 4 ነበር የሚመጣው። «የገቡትም ወረዱ እንዴ?» ስላት ራሷ አጠፋችው። ሕግ ከመንገርሽ በፊት ይህን ሞክሪ።

መልስ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጀሞ

ልጁ ሲሠራ አጻጻፉንም ተከታተዪ። 15 − 6 = 9 + 2 = 11 ብሎ በአንድ መስመር ከሄደ ስህተት ነው፤ 15 − 6 ከ9 + 2 ጋር እኩል አይደለም። አንድ እርምጃ ሠርቶ የቀረውን እንዳለ ወደ ታች ያውርደው። መጀመሪያ 15 − 6 + 2፣ ከሥሩ 9 + 2፣ ከሥሩ 11።

ሲበረታ ማረጋገጫ አስተምሪው። 15 − 6 + 2 − 4 ላይ የሚደመሩት 15 እና 2፣ 17 ናቸው። የሚቀነሱት 6 እና 4፣ 10 ናቸው። 17 − 10፣ 7። ከግራ ሲሠራውም 7 ይመጣል። ምልክቱን ከቁጥሩ ጋር አብሮ በእርሳስ ያክብበው፤ እንዳይለያዩ።

አስጠኚ፣ ቱሉ ዲምቱ

በጣም አመሰግናለሁ። ደብተሩን አየሁት፤ «መደመርና መቀነስ ከግራ ወደ ቀኝ» የሚል ተጽፏል። ነገ በታክሲው እጀምራለሁ። 15 − 6 × 2 ሲመጣስ? ከግራ ልጀምር ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

የሒሳብ መምህር፣ ለገጣፎ

ማባዛት ደረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ይቀድማል፦ 15 − 12፣ 3 ነው። ግን ይህን ነገ አትቀላቅዪበት። መጀመሪያ እነዚህን ሦስቱን ያለ እገዛ ይሥራ፦ 9 − 5 + 2፣ 20 − 8 − 5፣ 14 − 6 + 3 − 1። መልሳቸው 6፣ 7 እና 10 ነው።