ያልተፈተሸ የተባለ የሳንቲም ጥቅል ኦንላይን ልገዛ ነው፣ ወጥመድ ይሆን?

አዲስ ሰብሳቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወር ነው። ጥያቄዬ የጀማሪ ቢመስል አትፍረዱብኝ።

ኦንላይን ጨረታ ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ፔኒ (የአንድ ሴንት ሳንቲም) ጥቅል አይቼ ልቤ ሸፍቷል። ወረቀቱ ያረጀ ነው፣ የባንክ ስም ታትሞበታል፣ ሁለቱም ጫፍ ታጥፎ ተዘግቷል። በአንዱ ጫፍ የሕንዳዊ (የአሜሪካ ነባር ተወላጅ) ራስ ያለበት ፔኒ ይታያል። በሌላው ጫፍ ደግሞ የስንዴ ዛላ ያለበት ጀርባ ወጥቶ ከግርጌው «ቪ ዲ ቢ» የሚሉት ፊደላት ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ሻጩ «ከአያቴ ካዝና የተገኘ፣ ተከፍቶ የማያውቅ፣ ያልተፈተሸ፣ ውስጡ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም» ብሎ ጽፏል። ከታች በትንንሽ ፊደል «ከተከፈተ አይመለስም» ይላል።

የ1909 ኤስ ቪዲቢ የሚባለው ፔኒ ምን ያህል እንደሚፈለግ አንብቤያለሁ፣ ለዚያ ነው የጎመጀሁት። ግን ከሦስት ወር በፊት እንዲህ ያለ ጥቅል ገዝቼ ነበር፤ ስከፍተው ጫፉ ላይ ካለችው በስተቀር ውስጡ በሙሉ የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ተራ ፔኒ ሆነ። ያኔ ዕድሌ ነው ብዬ ተውኩት። አሁን እየተጠራጠርኩ ነው። ጨረታው ነገ ማታ ይዘጋል። ምን ትሉኛላችሁ?

የጥቅል ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ ዕድል አይደለም። ያኔ ተሸውደሃል፣ አሁንም ያው ወጥመድ ነው የተዘረጋልህ። እባክህ ነገ ማታ ዋጋ እንዳትሰጥ።

መጀመሪያ ቪዲቢውን እንይ። «ኤስ» የምትለዋ ፊደል ሳንቲሙ ሳን ፍራንሲስኮ መመታቱን ነው የምትነግርህ። ያለችውም በፊት ለፊቱ፣ ከዓመቱ ሥር ነው። ጀርባው ላይ ያለው ቪዲቢ ብቻ ነው፣ እሱም የቀራፂው የቪክቶር ዴቪድ ብሬነር ስም መነሻ ፊደላት ነው። በዚያው በ1909 ፊላደልፊያም ቪዲቢ ያለበት ፔኒ መትቷል፣ ያውም ወደ 28 ሚሊዮን። ሳን ፍራንሲስኮ የመታው 484,000 ብቻ ነው። እንግዲህ ጀርባውን ብቻ እያየህ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ሻጩ እኮ «ኤስ አለው» አላለህም። «ኤስ»ን የጨመርካት አንተ ነህ፣ በልብህ። ሳንቲሙ ጀርባውን አዙሮ የተቀመጠው ይህን እንድታደርግ ነው።

ዳይም (የአሥር ሴንት ሳንቲም) ላይም ያው ነው። የ1916 ዲ ዳይም የተመታው 264,000 ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፣ «ዲ» የምትለዋ የዴንቨር ምልክት ደግሞ ያለችው በጀርባው ነው። ስለዚህ ከጥቅሉ ጫፍ «ዲ» ትታይሃለች፣ ዓመቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ተደብቋል። «ዲ» ያለበት ዳይም በሌሎች ብዙ ዓመታት በሚሊዮን ተመትቷል። አንዱን ገጽ ብቻ የሚያሳይ ጥቅል ስታይ ምልክቱ ያለው በየትኛው ገጽ ነው ብለህ መጠየቅ ልመድ።

ሕንዳዊ ራሱም ቢሆን ማታለያ ምግብ ነው፣ መንጠቆ ላይ እንደምትሰካ ትል። ከ1859 እስከ 1909 የተመታ ሳንቲም ነው፤ ብርቅ ዓመታት አሉት፣ ተራዎቹ ግን በርካሽ በእፍኝ ይገኛሉ። አንዱን ጫፍ ላይ አስቀምጦ ሌላውን በተራ ፔኒ መሙላት ምንም አይከብድም። ያረጀ የባንክ ወረቀት ባዶውን ይሸጣል። ጫፉን አጥፎ የሚዘጋው መሣሪያም ለማንም ይሸጣል። ስለዚህ የወረቀቱ ማርጀት ስለ ውስጡ የሚነግርህ ነገር የለም። እኔ በዚህ ጉዳይ የምናደደው ብዙ ጀማሪ በመጀመሪያ ዓመቱ እንዲህ ተበልቶ ከነጭራሹ መሰብሰቡን ስለሚተው ነው።

አንድ ነገር አድርግልኝ። የሻጩን ገጽ ክፈትና ሌላ ምን እንደሚሸጥ፣ ከዚህ በፊትም ምን እንደሸጠ እይ። ያየኸውን እዚሁ ጻፍልን።

አዲስ ሰብሳቢ፦

አየሁት። አሁን የወጡ 14 ጥቅሎች አሉት። በ14ቱም አንዱ ጫፍ ላይ ሕንዳዊ ራስ አለ። የሸጣቸውንም ወደ ኋላ ሄጄ ሳይ ያው ነው፣ «የአያቴ ካዝና» የሚለው ቃል እንኳ አልተቀየረም። ሰውነቴን ወረረኝ። ግን የገዢዎች አስተያየት 99 በመቶ ጥሩ ነው የሚለው፣ እሱ ነው ያታለለኝ። እንዴት ነው እንዲህ የሚሆነው?

እህተ ሳንቲም፦

ወንድሜ፣ አስተያየቶቹን አንብባቸው እንጂ ቁጥሩን አትይ። አብዛኛው «ቶሎ ደረሰልኝ፣ አመሰግናለሁ» ነው የሚለው። ሰው ከፍቶ ተራ ፔኒ ሲያገኝ እንዳንተው «ዕድሌ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ቅሬታ አይጽፍም። ማጭበርበሩ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ከክፍያው በኩል ልምከርህ፣ እኔም የተበላሁት በዚያ ነውና። አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ «ከባንክ ካዝና የወጣ የሞርጋን ዶላር ጥቅል፣ ዛሬ ብቻ» ይል ነበር። ዋጋው በውስጡ ካለው ብር ዋጋ እንኳ ያነሰ ነው። ብር ስል ማዕድኑን ነው፤ ሞርጋን የድሮ የአሜሪካ የብር አንድ ዶላር ሳንቲም ነው። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብኝ፤ የብር ሳንቲምን ከማዕድኑ ዋጋ በታች አውጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ የለም። እኔ ግን ገንዘቡን ለሻጩ በቀጥታ ላክሁለት። የመጡት 20 ሳንቲሞች ማግኔት ላይ ልጥፍ አሉ። ብር ደግሞ ማግኔት አይስበውም። አንዱ ላይ 1887 እና «ሲሲ» የሚል የካርሰን ሲቲ ሳንቲም መምቻ ምልክት አብረው አሉበት። ካርሰን ሲቲ በ1887 ሞርጋን መትቶ አያውቅም፣ ከ1885 በኋላ አቁሞ የቀጠለው በ1889 ነው። ፎርጂድ የሚሠራው ሰው ይህን እንኳ አላየም። በአሜሪካ ከ1973 ጀምሮ አስመስሎ የተሠራ ሳንቲም «ኮፒ» የሚል ጽሑፍ እንዲቀረጽበት ሕግ ያዛል፣ እነሱ ግን ምን ገዷቸው።

ስለዚህ በክሬዲት ካርድ ወይም የገዢ ጥበቃ ባለው መንገድ ብቻ ክፈል። ፔይፓል ከሆነ ለዕቃና አገልግሎት በሚለው ላክ። «ለጓደኛና ቤተሰብ በሚለው ላክልኝ፣ ክፍያው ይቀንሳል» ካለህ ያን ጊዜ የገዢ ጥበቃ እንደሌለህ እወቅ። ከመሸጫው ድረ ገጽ ወጥተህ በግል እንድትጨርስ ከጋበዘህም ያው ነው። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንሳ፣ በኋላ ሊያጠፋው ይችላል። ፖስታው ሲደርስ ደግሞ ከታሸገበት ጀምረህ ሳታቋርጥ ቪዲዮ እየቀረጽክ ክፈት።

ከሁሉም በላይ ግን ሻጩ የገባልህን ቃል እይ። «ያልተፈተሸ» የሚለውን ማንም ሊያረጋግጥም ሊያፈርስም አይችልም። ቅሬታ ብታቀርብ «እኔ ውስጡን አላውቅም ብዬ ነበር» ይልሃል፣ እውነቱን ነው። «40 ኳርተር (የ25 ሴንት ሳንቲም)፣ ሁሉም ከ1964 በፊት፣ 90 በመቶ ብር» ብሎ ከጻፈ ግን ስትከፍት ሌላ ካገኘህ በእጅህ ማስረጃ አለህ። እኔ አሁን የምገዛው ውሸት ቢሆን ውሸትነቱ ሊታይ የሚችል ቃል ያለበትን ብቻ ነው።

ሚዛን በእጄ፦

እህተ ሳንቲም ያለችው ላይ ልጨምር። የብር ጥቅል ከሆነ ሳይከፈት በሚዛን ይታወቃል፣ ይህን ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። የብር ኳርተር 6.25 ግራም ነው፣ ጥቅሉ 40 ስለሆነ 250 ግራም። ከ1965 ወዲህ ያለው ብር የሌለበት ኳርተር 5.67 ግራም ነው፣ ጥቅሉ 226.8 ይመጣል። ልዩነቱ ከ23 ግራም በላይ ነው፣ የኩሽና ሚዛን እንኳ ያሳየዋል። ዳይም ከሆነ 50ው የብር 125 ግራም፣ ብር የሌለበት 113.4 ግራም። የሞርጋን ዶላር አንዱ 26.73 ግራም ነው፣ 20ው ወደ 535 ግራም ይጠጋል። ወረቀቱ ትንሽ ይጨምራል፣ ብዙ የተያዘና የተበላ ሳንቲም ደግሞ ትንሽ ይቀንሳል፣ ያን አስብ። ሻጩን «ጥቅሉን ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ፎቶ ላክልኝ» በለው። ንጹሕ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

ላንተ ፔኒ ግን ሚዛን ብዙም አይረዳህም፣ እውነቱን ልንገርህ። የስንዴ ፔኒ ብርቁም ተራውም 3.11 ግራም ነው፣ ከብረት ከተሠራው ከ1943ቱ በቀር። ሚዛን ማዕድኑን እንጂ ዓመቱን አይናገርም። 50ው 155 ግራም አካባቢ ካልመጣ ግን መሐሉ በአዲሱ የዚንክ ፔኒ ተሞልቷል ብለህ ጠርጥር፤ ያ 2.5 ግራም ስለሆነ ጥቅሉ 125 ብቻ ነው።

የድሮ ሰው፦

ሁሉንም ሻጭ በአንድ አትኮንኑ እንጂ ልጆች። እኔ ጥቅል ለብዙ ዓመት ገዝቻለሁ፣ ደስ የሚል ነገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሳንቲም መቺ የሆነው ዩናይትድ ስቴትስ ሚንት ራሱ አዳዲስ ሳንቲሞችን በጥቅል ይሸጣል፣ ዋጋው ከፊት ዋጋው (ሳንቲሙ ላይ ከተጻፈው) ይበልጣል፣ ግን የገዛኸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ከታወቁ የሳንቲም ነጋዴዎችም ዓመቱና ምልክቱ ተጽፎ የሚሸጥ ጥቅል አለ። እኔ የማልገዛው ተስፋ የሚሸጥበትን ጥቅል ነው። መፈተሽ ራሱ ከወደድክ ባንክ ሄደህ ተራ ጥቅል በፊት ዋጋው ውሰድና ፈትሽ። ባታገኝ መልሰህ ታስገባዋለህ፣ ከጊዜህ ሌላ የከሰርከው የለም። የስንዴ ፔኒ አልፎ አልፎ አሁንም ይወጣል።

ኤስ ቪዲቢውን በእውነት ከፈለግህ ደግሞ ነጠላውን ግዛ፣ ያውም ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ የተባሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች መርምረው ያሸጉትን። የማሸጊያውን ቁጥር በድርጅቶቹ ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ አመሳክር፣ ማሸጊያውም ፎርጂድ ይሠራለታልና። ተራው የ1909 ቪዲቢ ላይ «ኤስ» ለጥፈው የሚሸጡ ስላሉ ያልተመረመረውን ጀማሪ ባይነካው ይሻላል።

አዲስ ሰብሳቢ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሻጩን ጠየቅሁት። «የጫፉን ሳንቲም ፊት ለማየት ጥቅሉን አንድ ጊዜ ብትከፍተው የበለጠ እከፍልሃለሁ» አልኩት። «ብከፍተው እሴቱን ያጣል» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ሳነብ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ አንድ ሰው በእጁ ኤስ ቪዲቢ ሊኖር ይችላል ብሎ ቢያስብ ለማየት አንድ ደቂቃ አይታገሥም ነበር። ጨረታውን ትቼዋለሁ። 14ቱንም ማስታወቂያዎች ለድረ ገጹ ሪፖርት አድርጌያለሁ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የመጀመሪያው ጥቅል ተራ ፔኒዎች እቤት ተቀምጠዋል። ምን ላድርጋቸው?

የጥቅል ወዳጅ፦

ጎበዝ! ሪፖርት ማድረግህ ሌላ ጀማሪ ያድናል።

ፔኒዎቹን አትሽጣቸው። በዓመትና በምልክት ለይተህ አልበም ላይ ደርድራቸው፣ ከ1940 እስከ 1958 ያለውን ሞልተህ ለመጨረስ ብዙ አይቀርህም። የጎደለህን ዓመት ዝርዝር ጻፍልኝ፣ ትርፍ ያለኝን በፖስታ እልክልሃለሁ።