የወል ተዳፋታችን ላይ ዝግባ ወይስ ባሕር ዛፍ?

ጠያቂው (ደሴ ዙሪያ)፦ ሰላም ጀማው። የሰፈራችን የወል ተዳፋት ዘንድሮ ክረምት ሊተከል ነው። ወጣቱ ባሕር ዛፍ ይሁን ይላል። ሽማግሌዎቹ ዝግባና ጥዱ ይመለስ ይላሉ። እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነኝ። ልጅ ሆነን ከቤተ ክርስቲያኑ ዝግባ ሥር ፍሬ እንለቅም ነበር። ክብ ነው፤ ሲበስል ወደ ቢጫ ይመታል። ሥጋው ስስ፣ ውስጡ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። ያ ፍሬ ከቅጥሩ ውጭ በቅሎ አይቼ አላውቅም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የኮምቦልቻው፦ ወንድሜ፣ ዝግባን ማን ይጠላል? ግን ባሕር ዛፍ በ6 በ7 ዓመቱ ለአጠና ይደርሳል። ስትቆርጠው ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በእሱ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጁን ያስተማረ ስንት ሰው አለ! ዝግባው እስኪደርስ እኔም አንተም የለንም። መሬት ያልደረሰው ወጣት እስከዚያ ምን ይብላ?

እቴ ከወረኢሉ፦ ልክ ነህ፣ ብሩ ያጓጓል። እኛ ግን ከምንጫችን በላይ ባሕር ዛፍ ተክለን አይተነዋል። በጋ ላይ ምንጩ ሳሳ። ከሥሩ ሣር የለም። ሐምሌ ሲገባ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ውሃ ለመቅዳት ሌሊት የምንነሳው እኛ ሴቶቹ ነን፤ የአጠናው ብር ግን የሚገባው ወንዶቹ ኪስ ነው።

የኮምቦልቻው፦ እሱስ እውነት ነው፣ እቴ። ምንጭ ራስ ላይ መትከሉን እኔም አልደግፍም።

ጋሼ (ሐይቅ)፦ ልጆች፣ ዋናው ነገር የዛፉ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ተራራው ተከልሎ፣ እርከን ተሠርቶ፣ ችግኝ ተተክሎ ነበር። ደርግ ሲወድቅ በ1983 በየቦታው ተጨፈጨፈ። ሕዝቡ የራሴ ነው ብሎ አላመነማ! በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ደግሞ ከመንግሥት ደን ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶና ዋንዛ እንዳይቆረጥ ከለከለ። ለደኑ ደግ አደረገ። ገበሬው ግን በጓሮውም ቢሆን ዝግባ መትከል ይፈራል፤ «አሳድጌው አትንካ ልባል ነው» ይላል። በቅድሚያ ዛፉ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ።

የመካነ ሰላሙ፦ ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። እኔ ባሌ ሐረና ሠርቻለሁ። እዚያ ዝግባው ከጫካው ቡና በላይ ተንሰራፍቶ፣ ጉም ለብሶ ታየዋለህ። የእኛ ተዳፋት ግን ነፋስና ፀሐይ የሚፈጀው ነው። ዝግባ ጨቅላ ሳለ ጥላ ይወዳል። ገላጣ ላይ ተክለን ፎቶ ተነስተን ስንሄድ፣ ጥቅምት ሳይወጣ ደርቆ ይገኛል። እኔ ራሴ ከተከልሁት ብዙውን አጥቻለሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ደረቁ ጉብታ ላይ ጥድ ይሻላል። ዝግባ እርጥበት ወዳለው ሸለቆ ይሂድ።

ደግሞ አንድ ነገር ስሙኝ። አርሲ፣ ሙነሳ ደን ላይ ዝግባ ሰው በተከለው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ተገኝቷል። ፍሬውን ወፍና የሌሊት ወፍ እየበሉ ይዘሩታል። ስለዚህ ያረጀውን ባሕር ዛፍ ከመመንገል፣ እያሳሱ ከሥሩ ዝግባ ማስገባት ይቻላል። ወጣቱም አጠናውን አያጣ፣ ዝግባውም ጥላ ያገኛል።

የኮምቦልቻው፦ ይሄ ገባኝ። እንዲህ ከሆነ እጄን አወጣለሁ። ግን የጋሼ ነገር ይቅደም። የወጣቱ ድርሻ ሳይጻፍ አንድ ጉድጓድ አይቆፈር።

ጠያቂው፦ እኔም ሐሳቤን አሻሽያለሁ። ከምንጩ በላይ ባሕር ዛፍ የሚባል ነገር አይድረስ፤ በዚህ አልደራደርም። በታች ያለው አሮጌ ባሕር ዛፍ ግን ይቆይ። ለቅዳሜው ስብሰባ የድርሻውን ጉዳይ ጽፌ አቀርባለሁ። ፍሬ ግን ያስፈልገናል። ዝግባ ወንድና ሴቱ ለየብቻ ስለሆነ ሁሉም አያፈራም። በሰፈሩ የምታፈራ ዝግባ ያለችው ሰው ይንገረኝ፤ ጆንያ ይዤ እመጣለሁ። ዛጎሉን በጥንቃቄ ሰንጠቅ ካላደረጉት ለመብቀል ብዙ ይቆያል፤ ስለዚህ ካሁኑ ብንጀምር ይሻላል።

እቴ ከወረኢሉ፦ እኛ ጋ ሸሆቹ መቃብር አጠገብ አንዲት አለች። ጠባቂዎቹን አስፈቅጄ እደውልልሃለሁ።