«ሥራውን የሚወድ ሰው ሰዓት አይቆጥርም» አለን አለቃችን። እስቲ ፍረዱኝ

አምሺው፦
ዛሬ ስብሰባ ነበረን። አምስት ሰው ለቆብን የእነሱን ሥራ ተካፍለን መሥራት ከጀመርን ሦስት ወር አለፈ። አንዷ ልጅ እጇን አውጥታ «የትርፍ ሰዓት ክፍያው ነገር ምን ደረሰ?» ብላ ጠየቀች። በትህትና ነው የጠየቀችው። አለቃችን ፈገግ አለና «ሥራውን የሚወድ ሰው ሰዓት አይቆጥርም» አላት። ከኋላ የተቀመጡት አጨበጨቡ። አጨበጨቡ ነው የምላችሁ! ልጅቷ እጇን ጠረጴዛው ሥር ከተተች።
እኔም ዝም አልኩ። አሁን ቤቴ ገብቼ ነው የነደደኝ።

ጠመኔ፦
ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። አባባሉ ግን እንዲሁ በደረቁ ውሸት አይደለም። 19 ዓመት አስተምሬያለሁ። መሀል ላይ የተሻለ ደሞዝ አለው ተብዬ አንድ ቢሮ ገብቼ ነበር። ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ሳይ እውል ነበር። በሁለት ዓመቴ ለቅቄ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እዚህ ደወል ሲደወል «አሁኑኑ?» እላለሁ። ልቡ ያለበት ቦታ የሚሠራ ሰው እውነትም ሰዓት አይቆጥርም።

የሌሊት ተረኛ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «አይቆጥርም» የምትለዋ ላይ ልቁም።
እኔ ነርስ ነኝ። ሥራዬን እወዳለሁ። ስቆጥር ነው የማድረው። የልብ ምት እቆጥራለሁ። ትንፋሽ እቆጥራለሁ። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት ይግባለት ከተባለ፣ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ በደቂቃ 42 ጠብታ ነው። የእጅ ሰዓቴን ጠብታው አጠገብ ይዤ ነው የማስተካክለው። ሰዓት የማይቆጥር ነርስ ሰው ይገድላል።
የሌላውን ሰው ደቂቃ እስከ ጠብታው ድረስ ቁጠሪ ተብዬ፣ የራሴን ስቆጥር ሥራዬን አልወድም ማለት ነው?

ብሩሽ፦
ክርክሩ አለቀ። በሩን ዝጉት።

ባለ ድርጅቱ፦
የምን ማለቅ? ሌላውንም ወገን ስሙ እንጂ። እኔ 11 ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ። ወር ሊያልቅ ሲል እንቅልፍ የማጣው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሳይከፍለኝ ለሠራተኛ ከፍያለሁ። ለራሴ ሳልወስድ የቀረሁባቸው ወራት አሉ። የእኔን ሰዓት ማን ይቁጠርልኝ? የአለቃችሁ አነጋገር አጉል ነው፣ እስማማለሁ። ግን ሁሉን ነገር በደቂቃ ከሚሰፍር ሠራተኛ ጋር ድርጅት ማቆም አይቻልም። እኛ ቤት እንደ ቤተሰብ ነው የምንሠራው።

ሒሳቧ፦
ጋሼ፣ ትርፍ ሲመጣም ቤተሰብ ናችሁ?

ባለ ድርጅቱ፦
ጋሼ አትበይኝ። 34 ዓመቴ ነው።

ሒሳቧ፦
እሺ ወንድሜ። ትርፍ ሲመጣም ቤተሰብ ናችሁ? አንተ ሳትቆጥር የሠራኸው ሰዓት የትም አልሄደም። ድርጅትህ ውስጥ ተቀምጦልሃል። ነገ ብትሸጠው ገንዘቡ ያንተ ነው። ሠራተኛህ ያመሸው ምሽት የት ተቀመጠለት? «ስናድግ አብረን እናድጋለን» ትላቸዋለህ አይደል?

ባለ ድርጅቱ፦
አዎ እላለሁ። ከልቤ ነው ደግሞ።

ሒሳቧ፦
ላም አለኝ በሰማይ።

ቃላት ለቃሚ፦
ይቅርታ ላቋርጣችሁ። መምህር «ደሞዝ» ብለው ጽፈዋል። ደመወዝ ነው። ደምና ወዝ ነው ይባላል። «ደሞዝ» ስትሉ «ወ»ን ቆርጣችሁ ነው የምትከፍሉት።

ጠመኔ፦
ፈተና ሳርም አምሽቼ ደክሞኝ ነው የጻፍኩት፣ ይለፈኝ።

የሌሊት ተረኛ፦
አምሽቼ አሉ? ቆጠሩት እንዴ መምህር?

ጠመኔ፦
ያዝሽኝ። 43 ወረቀት ነው። እሱን ቆጥሬያለሁ።

አምሺው፦
አንድ ነገር ረስቼ ነበር። መግቢያው ላይ የጣት አሻራ ማሽን አለን። ጠዋት አምስት ደቂቃ ካረፈድኩ ማሽኑ ይይዘኛል፣ ከደመወዜም ይቆረጣል። ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ አምሽቼ ስወጣ ያው ማሽን ያው ጣቴን ያነባል። ግን ምንም አይጨመርም። እና ሰዓት የሚቆጥረውስ ማነው? ሥራውን የማይወደው ማሽኑ ነው ማለት ነው?

ብሩሽ፦
ሃሃሃ። ማሽኑን አባሩት።
ከምር ግን ሁላችሁም ከሥራ ብዙ ነገር የምትጠብቁ ይመስለኛል። እኔ ሰዓሊ ነኝ። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ የዕቃ ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ። አልወደውም፣ አልጠላውምም። ሰዓቱ ሲደርስ ብዕሬን አስቀምጬ እወጣለሁ።
አንድ ጊዜ ሥዕሉን መተዳደሪያ ላደርገው ሞክሬ ነበር። አንድ ደንበኛ ሸራው ፊት ቆሞ፣ የሶፋውን ጨርቅ ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ ሰማዩ ላይ ለጠፈና «ይቺን እንዲመስል አድርግልኝ» አለኝ። አደረግኩለት። ከዚያ ሌላው መጣ። በስድስት ወሬ ብሩሽ መያዝ አስጠላኝ። ሰው የሚወደውን ሁሉ ገበያ ማውጣት የለበትም። ከቀጣሪዬ የምፈልገው ክፍያዬንና ማምሻዬን ብቻ ነው። እርካታውን ለእኔ ተዉት።

ጠመኔ፦
በቀን 8 ሰዓት ልብህ የሌለበት ቦታ ተቀምጠህ፣ ከዚያ በተረፈው መኖር? ዕድሜ እኮ ነው የሚሄደው ልጄ።

ብሩሽ፦
8 ሰዓት መሆኑን የነገረዎት ማነው መምህር? ሰዓት የቆጠሩ ሰዎች ናቸው።
በ1817 አካባቢ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከአሁን በኋላ አልደግመውም) ሮበርት ኦወን የሚባል ሰው 8 ሰዓት ሥራ፣ 8 ሰዓት መዝናኛ፣ 8 ሰዓት ዕረፍት አለ። ባለ ድርጅቱ ልብ በልልኝ፣ ሰውየው ራሱ ፋብሪካ ያስተዳድር ነበር። በ1886 ቺካጎ ላይ ለዚህችው 8 ሰዓት አድማ ተመትቶ ሰው ሞቶባታል። በ1919 ደግሞ የዓለም ሥራ ድርጅት ሲቋቋም ያወጣው የመጀመሪያው ስምምነት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኢንዱስትሪ ሠራተኛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። ቁጥር 1 ስምምነት! ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ቁጭ ብለው ሰዓት ነው የቆጠሩት።

ተመልካች፦
ኢኮኖሚስቱ ኬይንስስ? በ1930 «በ100 ዓመት ውስጥ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራል» ብሎ ገምቶ ነበር። 2030 ደረሰ እኮ። አምሺው፣ ለአለቃህ አስታውሰው።

ባለ ድርጅቱ፦
ታሪክ ካነሳችሁ እኔም ላንሳ። ሄንሪ ፎርድ በ1914 የሠራተኛውን የቀን ክፍያ በአንድ ጊዜ ወደ 5 ዶላር አወጣው። ከበፊቱ እጥፍ ገደማ ነው። የሥራ ቀኑንም ከ9 ሰዓት ወደ 8 አወረደው። ማንም ሳያስገድደው። ቀጣሪ ሁሉ ደም መጣጭ አይደለም ለማለት ነው።

ሒሳቧ፦
«ማንም ሳያስገድደው»? ይቺን እንዳታልፉብኝ። በ1913 ፎርድ 14 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ለማቆየት ከ50 ሺህ በላይ ሰው መቅጠር ነበረበት። ሰው በአንዱ በር ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። ያስገደደው የሚለቀው ሰው ነው። ልክ እንደ አምሺው አምስት ሰዎች።
ደግሞ 5ቱ ዶላር ሁሉም ደመወዝ አልነበረም። ግማሽ ያህሉ የትርፍ ድርሻ ተብሎ የሚሰጥ ነው። እሱን ለማግኘት የኩባንያው ሰዎች ቤትህ ድረስ መጥተው ትጠጣ እንደሆነ፣ ትቆጥብ እንደሆነ፣ ቤትህ ንጹሕ መሆኑን ያያሉ።

ባለ ድርጅቱ፦
ቢሆንም ከፈለ።

ሒሳቧ፦
ጓዳህን ፈትሾ። «ሳያስገድደው» ያልካትን ታነሳለህ ወይስ አታነሳም?

ባለ ድርጅቱ፦
ቆይ፣ ፎርድን ተይውና የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ነበረኝ። ማንም ሳይጠይቀው ያመሽ ነበር። ችግር ካገኘ ሳይፈታው አይነሳም። በዓይኑ ታየዋለህ፣ ደስ ብሎት ነው የሚሠራው። በኋላ እንደናንተ ያሉ ሰዎች መከሩኝና የትርፍ ሰዓት ቅጽ አዘጋጀሁ። መግቢያ፣ መውጫ፣ ምክንያት፣ ፊርማ። ልጁ አንድ ወር ሞላው። ከዚያ «ቅጹን ስሞላ ሥራ ሥራ አለኝ» ብሎኝ ማምሸቱን ተወ። ስትቆጥሩት የሚጠፋ ነገር አለ ነው የምለው። ይሄንንም አስቡት።

የሌሊት ተረኛ፦
የሞላበትን ወር ተከፈለው?

ባለ ድርጅቱ፦
በደንብ ተከፈለው።

የሌሊት ተረኛ፦
አሁን ማታ ማታ የት ነው?

ባለ ድርጅቱ፦
ቤቱ ነዋ።

የሌሊት ተረኛ፦
እሰይ።

ጠመኔ፦
አትሳለቂ ልጄ። ያለው ነገር እውነት አለበት። እኔም ከክፍል ውጭ ለልጆች የማስረዳበትን ሰዓት ዝርዝሩን ጽፈህ አምጣ ብባል ቅር ይለኛል። ስጦታዬ ነው እሱ።

ሒሳቧ፦
መምህር፣ ስጦታ የሚሆነው መከልከል ሲችሉ ነው። ያቺ እጇን ያወጣች ልጅ መከልከል ትችላለች?
የእኔን ልንገራችሁ። ሥራዬን እወድ ነበር። ነበር። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ አንድ ቀን ማተሚያው ላይ የተረሳ ወረቀት አገኘሁ። የደመወዝ ዝርዝር (ቃላት ለቃሚ፣ በትክክል ጻፍኩት?)። ያኔ የደመወዝ ሥራ አልነካም ነበር። ወረቀቱ ገና አልቀዘቀዘም። እኔ ያሠለጠንኩት ልጅ፣ የመጀመሪያ ቀን ኮምፒዩተሩን የከፈትኩለት ልጅ፣ ከእኔ በሩብ ይበልጣል። ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁለት ሳምንት ትንፍሽ አላልኩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል አይደል? የእኔ ነቀዘ።
የማገኘው አንሶኝ አልነበረም እኮ። በቂዬ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሥራው እንደ ድሮው አልጣፈጠኝም። ፍቅሩና ክፍያው ለየብቻ ናቸው ስትሉ የማይዋጥልኝ ለዚህ ነው።

ብሩሽ፦
ልጁስ? አላኮረፍሽውም?

ሒሳቧ፦
እሱ ምን አጠፋ? አልነገርኩትም። ስለቅ ኬክ የገዛልኝ እሱ ነው፣ አስቡት።

ቃላት ለቃሚ፦
በትክክል ጽፈሻል።

ተመልካች፦
እኩል ሥራ እኩል ክፍያ እኮ በ1948ቱ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ላይ አለ። አንቀጽ 23። ቀጥሎ ያለው 24 ደግሞ የዕረፍትና የሥራ ሰዓት ገደብ ነው። ጎን ለጎን ነው ያስቀመጧቸው።
ግን ገንዘብ ደስታ አያመጣም የሚለው ጥናትስ? ከሆነ መጠን በላይ ለውጥ የለውም ይባል የለ?

ብሩሽ፦
የ2010ሩን ነው የምትለው፣ የካነማንና የዲተን። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ75 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን የዕለት ደስታ አይጨምርም ብለው ነበር። በ2021 ኪሊንግስወርዝ የሚባል ሌላ ተመራማሪ የለም ይጨምራል አለ። በ2023 እሱና ካነማን አብረው ሠርተው አብዛኛው ሰው ላይ ይጨምራል አሉ። መጠን ላይ ደርሶ የሚቆመው በጣም ደስታ የራቃቸው ጥቂቶቹ ላይ ነው። ጭማሪ ሲጠየቅ ግን አለቆች የሚጠቅሱት የ2010ሩን ብቻ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ጥናት ካላችሁማ የእኔን ሙያ ልጨምር። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት አብረው ያወጡት አለ። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ከሚሠራው ጋር ሲተያይ፣ በስትሮክ የመያዝ አደጋው በ35 በመቶ ይበልጣል። በልብ ሕመም የመሞቱ ደግሞ በ17 በመቶ። ይሄም የታወቀው ሰዓት ተቆጥሮ ነው። የማይቆጥሩትን እኔ ተረኛ ሆኜ አገኛቸዋለሁ። ሲመጡ አንድ እጃቸው አይነሳም፣ በሌላው ስልካቸውን ይፈልጋሉ።

ጠመኔ፦
ይቺ ከበደችኝ።

ባለ ድርጅቱ፦
እኔም የልብ ድካም ላይ ነኝ በናንተ ምክንያት። ለመሆኑ ማነው ከእናንተ ውስጥ ድርጅት ከፍቶ የሚያውቅ? አንድ ሰው እጁን ያውጣ።

ብሩሽ፦
እጅ አውጥተን ጠረጴዛ ሥር እንድንከተው ነው?

አምሺው፦
ሰዎች፣ አሁን ከአለቃችን መልእክት ገባ። ይኸው ቃል በቃል፦ «ነገ ሁላችሁም አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ።»

የሌሊት ተረኛ፦
አንድ ሰዓት? ቆጥሮ?

አምሺው፦
ቆጥሮ። ያቺ ልጅ «እሺ» ብላ መልሳለች። ሌላው ሰው አይቶ ዝም ብሏል። እኔ ጽፌ አጠፋሁ፣ ጽፌ አጠፋሁ።

ጠመኔ፦
ምን ነበር የጻፍከው?

አምሺው፦
«ይከፈላል ወይ?» ብዬ ነበር። ሁለት ቃል ናት።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ ተራዬ ደርሷል፣ ሄድኩ። ላካት።

ቃላት ለቃሚ፦
«ወይ»ን ብታወጣው ይሻላል። «ይከፈላል?» በቂ ነው።

ሒሳቧ፦
ባለ ድርጅቱ፣ «ሳያስገድደው» ያልካትን አሁንም አላነሳህም።